ጠዋት ጠዋት ከሠራተኞቼ ጋር ልጸልይ ብል ማስገደድ ይሆንብኛል?

መርፌና ክር
ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የልብስ ስፌት ድርጅት አለኝ። ሥራችን በብዛት የተማሪ ዩኒፎርም ነው፣ አልፎ አልፎ የሆቴል ሠራተኞች ልብስም እንይዛለን። ሃያ የማይሞሉ ሠራተኞች አሉኝ፣ አብዛኞቹ ሴቶች። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት ጸልዬበት ነው፣ እስካሁንም የቆመው በእግዚአብሔር ነው ብዬ ነው የማምነው። ይሄ ለክርክር አይቀርብም።

አሁን ያሰብኩት ጠዋት ማሽን ከመነሳቱ በፊት አስራ አምስት ደቂቃ ያህል አብረን እንድንጸልይ ነው። አንድ ክፍል ይነበባል፣ ይጸለያል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው። ችግሩ ከሠራተኞቼ ግማሽ ያህሉ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ሙስሊሞችም አሉ፣ እንደኔ የሆኑት ጥቂት ናቸው። ሐሳቡን ለአንዳንዶቹ ሳነሳው «እሺ እትዬ፣ ደስ ይለናል» አሉኝ። ጨርቅ ቆራጯ ግን ዝም አለች፣ እና ዝምታዋ ከነከነኝ።

የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼ «ድርጅትሽ መሠዊያሽ ነው፣ በገዛ ቤትሽ ማንን ትፈሪያለሽ፣ እንዲያውም ስትቀጥሪ አማኝ አማኙን ምረጪ» ይሉኛል። ሌላው ራስ ምታቴ እሑድ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ትእዛዝ ይደራረባል፣ ትምህርት ቤቶቹ ያጣድፉናል፣ እሑድ ካልተሠራ አይደርስም። እናንተ የራሳችሁ ሥራ ያላችሁ እምነታችሁንና ሥራችሁን እንዴት ነው የምታስኬዱት?

ፋይል ያዥ
እህቴ፣ እኔ የማውቀው ሕጉን ነውና እሱን ልበልሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 አሠሪ በሠራተኞች መካከል በሃይማኖት ምክንያት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። አንቀጽ 26 ደግሞ ሃይማኖት ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል። ስለዚህ «አማኝ አማኙን ቅጠሪ» የሚሉሽ ወዳጆችሽ ክስ ሲመጣ አብረውሽ ችሎት እንደማይቆሙ እወቂ።

ጸሎቱን በተመለከተ፣ መጸለይሽን ማንም አይከለክልሽም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 መብትሽን ይጠብቃል። ግን ያው አንቀጽ የቆራጯንም መብት ይጠብቃል። ሁሉም በዚህ ሰዓት ይገኝ ካልሽ ያ ጊዜ በእኔ እይታ የሥራ ሰዓት ነው፣ ሊከፈልበት ይገባል። አለመምጣት የሚያስቆጣሽ ከሆነም «በፈቃደኝነት ነው» ማለትሽ ዋጋ የለውም።

እሑድ ቀላል ነው። ሠራተኛ በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት እረፍት አለው፣ በተቻለ መጠን እሑድ ይሁን ይላል ሕጉ። በእረፍት ቀን ካሠራሽ ሁለት እጥፍ ትከፍያለሽ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ። መጀመሪያ ይሄን አስልተሽ ለትምህርት ቤቶቹ ዋጋ ስጪ፣ ከዚያ ስለ ሰንበት እናወራለን።

ጽኑ ነኝ
እኔ በዚህ አልስማማም። ዙሪያችንን እንይ እስኪ። ታክሲው መዝሙር ከፍቶ ይሄዳል፣ ሱቁ ውስጥ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ከገንዘብ መቀበያው በላይ ተሰቅሏል፣ ሌላው ጋ አያተል ኩርሲ የሚባለው የቁርአን ጥቅስ ግድግዳው ላይ አለ፣ አዲስ ሱቅ ሲከፈት ጠበል ይረጫል። ማንም «ማስገደድ ነው» አላለም። አንዲት እህት አስራ አምስት ደቂቃ እንጸልይ ስትል ነው አዋጅ የሚጠቀሰው? እምነትን ቤት ውስጥ ቆልፈህ ና የሚባል ነገር እኛ አገር አልነበረም፣ ከየት እንደመጣም እናውቃለን።

ፋይል ያዥ
ወንድሜ ሥዕሉ ማንንም ስም እየጠራ «ለምን አልመጣህም» አይልም። ልዩነቱ እሱ ነው። ደመወዜን የሚከፍለኝ ሰው «እንጸልይ» ሲለኝና የታክሲ ሬዲዮ ሲዘምር አንድ አይደለም።

ቆጥ ላይ
ተቀጣሪ ነኝ፣ ባለቤት አይደለሁም፣ ግን እኔም የምለው አለኝ።

አንድ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ስሙ ይቅር። አለቃችን ጠዋት ጠዋት ያስጸልየን ነበር። ጥሩ ይጸልያል፣ አልዋሽም፣ አንዳንዴ ዕንባ ሁሉ ይመጣል። ለሠራተኞቹ ቤተሰብ ይጸልያል፣ ለአገር ይጸልያል። ከደመወዛችን ላይ ለጡረታ 7 ከመቶ ይቆረጣል፣ እሱ ደግሞ 11 ከመቶ መጨመር አለበት አይደል? በኋላ አንዷ ባልደረባችን ለራሷ ጉዳይ ሄዳ ስታጣራ ከኛ የተቆረጠው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ገቢ አልተደረገም። የኛው ገንዘብ እኮ ነው! ስንጠይቀው ምን አለን መሰላችሁ፣ «ጊዜው ከባድ ስለሆነ ነው፣ በጸሎት ያዙት»።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቱ ላይ አይኔን መጨፈን አቃተኝ። እና እትዬ ልጆቹ «እሺ ደስ ይለናል» ስላሉሽ አትመኚ። እኛም እንደዚያው ነበር የምንለው። እንጀራችንን ለያዘ ሰው ሌላ ምን እንላለን?

ኑር ከመርካቶ
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ።

ቆጥ ላይ ያልከው ልክ ነው፣ እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። ሶላት ላይ አንደኛው ሰልፍ ውስጥ ይቆማል፣ ሱቁ ሲገባ ሜትሩን ያሳጥራል። ለዚህ እኮ ነው ቁርአን ውስጥ አንድ ሙሉ ሱራ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ በስፍርና በሚዛን የሚያጎድሉትን ወዮላቸው ብሎ የሚጀምረው። ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ደመወዙን ስጡ የሚለውን ሐዲስም ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ለኔ ዲን፣ ሃይማኖት ማለቴ ነው፣ ሱቅ ውስጥ የሚታየው ሜትሩ ላይ ነው፣ ከዚያ ደረሰኙ ላይ። ደረሰኝ የሚለውን ስጽፍ አንዳንድ ጎረቤቶቼ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ።

ከራሴ ሱቅ ልናገር። ጁምዓ እዘጋለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳን አርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ምሳ ይወጣል፣ እኔም ያንኑ ሰዓት ይዣለሁ። ክርስቲያን ልጆች አሉኝ፣ በዚያ ሰዓት ምሳቸውን ይበላሉ፣ የፈለጉት ይሂዱ፣ ደመወዛቸው አይነካም። ለጥምቀትና ለገና እነሱ ይወጣሉ፣ ለኢድ እኛ። አብረን ግን አንጸልይም። አብረን የምንበላው ይበቃናል።

የልኳንዳው ልጅ
ስለ ጸሎት ትነጋገራላችሁ፣ የኔ ጭንቅ ሌላ ነው። ሥጋ ቤት አለን፣ ከአባቴ የወረስኩት። ሁዳዴ ሲገባ እንዘጋለን። 55 ቀን። ክፍት አድርገው የሚሸጡ አሉ፣ የማይጾም ሰው በዝቷልና ገበያም አላቸው፣ እኔ ግን አልችልም፣ አባቴም አያደርገውም ነበር። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ክርስቲያን ነኝ እንበል።

ሠራተኞቹስ? ቆራጩ፣ ጠባሹ፣ አስተናጋጆቹ? የኔ ጾም ለነሱ ደመወዝ የሌለበት ሁለት ወር ነው። የአስተናጋጅ ገቢ ደግሞ ዋናው ጉርሻው ነው፣ ደመወዙማ ምን አላት። በየሰፈሩ ያለው ልማድ «ፋሲካ ሲደርስ እንጠራችኋለን» ብሎ መበተን ነው። ማንም እንደ በደል አያየውም፣ ሲያዩትም ያደጉት ነው። እኔ ግን አንድ ዓመት ቆራጫችን በሁዳዴ የቀን ሥራ ሲሠራ አገኘሁትና ያፈርኩት ነገር አለ። እኔ ነኝ የምጾመው፣ እሱ ለምን ይራባል? እሱም ይጾማል፣ ግን ገባችሁ አይደል ያልኩት።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የዓመት ፈቃዳቸውን ሁዳዴ ላይ እንዲወስዱ ተስማምተናል። ሕጉ ለመጀመሪያ ዓመት 16 የሥራ ቀን ይላል፣ ከዚያ በአገልግሎት ይጨምራል። ስለዚህ የተወሰነው ጊዜ ሙሉ ደመወዝ ነው። ለቀሪው ከፋሲካ፣ ከእንቁጣጣሽና ከገና ገበያ ላይ ለብቻ የምናስቀምጠው ገንዘብ አለ፣ ከሱ ግማሽ እከፍላለሁ። ቤቱን ቀለም መቀባት፣ ፍሪጅ ማስጠገን፣ ቢላ ማሳል፣ ይሄን ሥራ ሁሉ ለሁዳዴ አቆየዋለሁ፣ መሥራት የፈለገ ሙሉ ቀኑን ያገኛል። ፍጹም አይደለም። ለአስተናጋጆቹ ጉርሻውን አልተካሁላቸውም፣ እሱን እንዴት እንደማደርግ አላውቅም። ሐሳብ ያለው ይንገረኝ።

ፋይል ያዥ
ይሄን ያደረገ ባለ ልኳንዳ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ለሌሎቹም ይድረስ፣ ጾም ድንገተኛ አደጋ አይደለም። መቼ እንደሚገባ ከዓመት በፊት ይታወቃል። ቋሚ ሠራተኛን «ከአቅም በላይ ሆኖብኝ ነው» ብሎ ያለ ደመወዝ መበተን ተከራክሮ ለማሸነፍ የሚከብድ ነገር ነው።

እመ ብርሃን
እግዚአብሔር ይስጥልን የልኳንዳው ልጅ። የአባትህን ነፍስ ይማር። አስተናጋጆቹ በጾሙ የጾም በያይነቱ ቢሸጡስ? ቤቱ አለ፣ ወንበሩ አለ።

የልኳንዳው ልጅ
አሜን እናቴ። አስበነዋል፣ ግን የሥጋ ቤት ዕቃ ለጾም ምግብ መጠቀም ደንበኛው አይወድም። ድስት፣ ሰሃን፣ ሁሉም አዲስ ይፈልጋል። ሽታውም አይለቅም።

አሌክሳንድሪያ
ከቨርጂኒያ ሰላም። እዚህ ሆቴል ውስጥ ሠርቼ አሁን የጽዳት ድርጅት አለኝ፣ አብዛኞቹ ሠራተኞቼ የኛው ልጆችና ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ናቸው።

መርፌና ክር የምትጠይቂው ነገር እዚህ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኖርዝ ካሮላይና ግሪንስቦሮ ውስጥ አንድ የቤት ጥገና ድርጅት ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን ለጸሎት ይሰበስብ ነበር። በክሱ ላይ እንደተባለው መጀመሪያ አጭር ነበር፣ እያደር እየረዘመ ሄደ፣ አልገኝም ያሉ ሁለት ሠራተኞች ተባረሩ። የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽኑ ከሰሰ፣ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2023 በ50,000 ዶላር ስምምነት አለቀ። አጀማመሩ ካንቺ ብዙም አይለይም። «አጭር ጸሎት» ነው ያሉት።

ግን ደግሞ አሜሪካ ሃይማኖት ከሥራ ይውጣ ያለ እንዳይመስላችሁ። ቺክፊሌ የሚባለው የዶሮ ምግብ ቤት እሑድ ይዘጋል፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ፣ መሥራቹ ለእምነቱ ብሎ ነው፣ በዚህ የከሰሰው አልሰማሁም። ምክንያቱም ኪሳራው የባለቤቱ ነው፣ ሠራተኛው ያርፋል። በዚያው በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ያለውን የፖስታ ቤት ሠራተኛ የግሮፍን ጉዳይ አይቶ፣ አሠሪ የሠራተኛን ሃይማኖታዊ ጥያቄ እንቢ ለማለት ትንሽ ወጪ አለብኝ ማለት አይበቃውም፣ ከባድ ጫና መሆኑን ማሳየት አለበት ብሎ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። እንግዲህ የባለቤቱም የሠራተኛውም እምነት ቦታ አለው። ቦታ የሌለው አንዱ ሌላውን ጸልይ ሲለው ነው።

ጽኑ ነኝ
የአሜሪካ ሕግ ለኛ አይሠራም።

አሌክሳንድሪያ
አዎ አይሠራም። ጠባዩ ግን የሰው ነው።

ከመንገዱ ማዶ
እኔ ሃይማኖተኛ አይደለሁም፣ ብትታገሱኝ። አውራ አምባን ሄዶ ያየ አለ? ፎገራ ያለው፣ በ1964 ዓ.ም. በእነ ዙምራ ኑሩ የተመሠረተው። ሸማኔዎች ናቸው፣ በማኅበር ይሠራሉ፣ ገቢያቸውን ይካፈላሉ፣ ለአቅመ ደካማ የሚጦሩበት ቤት አላቸው። ፈጣሪ አለ ይላሉ፣ ግን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም። አይሰርቁም፣ አይዋሹም፣ ወንዱም ይፈትላል ሴቷም ታርሳለች። ይሄን ሁሉ ጸሎት ሳይሰበሰቡ ነው የሚያደርጉት። እና ጥያቄዬ፣ ሥራችሁን የሚያቃናው ጸሎቱ ነው ወይስ ስምምነታችሁ?

እመ ብርሃን
ልጄ እነሱም እኮ ፈጣሪ አለ ብለው ነው። ያለ እሱ አልጀመሩትም። ደግሞ ሁሉም ሰው አውራ አምባ አልተወለደም፣ እኛ በጸሎት ነው ያደግነው።

መርፌና ክር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ተባረኩ። ሁሉንም አነበብኩ። ቆጥ ላይ፣ የጻፍከው ከሁሉም በላይ ነካኝ። ጡረታቸው በየወሩ እየገባ ነው፣ ዛሬ ደረሰኞቹን አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። እንዲያዩት።

ግን አልስማማም የምለው አለኝ። አንዳንዶቻችሁ እምነት ማለት ደመወዝ በሰዓቱ መክፈልና ደረሰኝ መቁረጥ ብቻ ነው ያላችሁ መሰለኝ። እሱንማ ከመንገዱ ማዶም ያደርገዋል፣ ደግሞ ቢያደርገው ጥሩ ነው። ለኔ ጸሎት ከዚያ ጋር የሚመጣ ጌጥ አይደለም። ክፍያ ሲዘገይብኝ፣ ትምህርት ቤት «ሌላ ቦታ ርካሽ አገኘን» ሲለኝ፣ ጨርቅ ስትወደድ፣ የምጨርሰው ተንበርክኬ ነው። የምኖርበትን ነገር ደብቄ አለቃ ልሁን ብል ውሸታም እሆናለሁ። ሠራተኞቼም ያውቁኛል።

ስለዚህ ጸሎቱን አልተውም። ሥራ የሚጀመረው 2:00 ሰዓት ነው፣ ከዚያ በፊት እኔ ቢሮዬ ውስጥ እጸልያለሁ፣ በሩ ክፍት ነው። የሚመጣ ይምጣ። ስም አልጠራም፣ አልቆጥርም፣ የመጣውን በትርፍ ሰዓት ሥራ አላስቀድምም። የሚከብደው ይሄ መጨረሻው ነው፣ ምክንያቱም አብሮኝ የሚጸልይን ሰው ልቤ ይበልጥ ያምነዋል፣ እውነቱን ልናገር። ለዚያ ብዬ የትርፍ ሰዓት ተራውን ቆራጯ እንድትይዝ ሰጥቻታለሁ። የሥራ ማስታወቂያዬም ላይ ሃይማኖት አይጠየቅም።

የእሑዱን ደግሞ ለትምህርት ቤቶቹ ከሰኔ በፊት ያላዘዘ ለመስከረም አይደርስለትም ብዬ ደብዳቤ ልጽፍ ነው። አንድ ሁለት ደንበኛ እንደማጣ አውቃለሁ።

አሁን ሌላ ጥያቄ። አስራት። ከሽያጩ ነው ከትርፉ የሚወጣው? ወንድሜ በድርጅቱ ውስጥ ድርሻ አለው፣ እሱ ደግሞ አስራት አያወጣም፣ እንዴት ላድርግ?

ቁጥር አዋቂ
የኔ ሙያ መጣ! ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ይሄን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማዋለሁ።

እንዲህ አስቢው። መቶ ሺህ ብር ሸጥሽ እንበል። ጨርቅ፣ ክር፣ ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራት ከፍለሽ አስር ሺህ ተረፈሽ። አስራትሽን ከሽያጩ ካወጣሽ አስር ሺህ ነው፣ ማለትም ትርፉ በሙሉ ሄደ። ግብሩን በምን ትከፍያለሽ? ደግሞ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የምትሰበስቢ ከሆነ ያ ገንዘብ ከመጀመሪያውም ያንቺ አይደለም። ካንቺ ካልሆነ ገንዘብ አስራት አይወጣም። ስለዚህ ከትርፉ፣ እሱም ግብር ከተከፈለ በኋላ ወደ ኪስሽ ከገባው። መጋቢሽ ሌላ ካለሽ ከሱ ጋር ተነጋገሪ፣ እኔ የማውቀው ቁጥሩን ነው።

የወንድምሽን ግን አጥብቄ ነው የምልሽ። ድርጅቱ የሁለታችሁ ነው። የድርጅቱን ገንዘብ አንስተሽ ለቤተ ክርስቲያን ስትሰጪ የሱንም ድርሻ እየሰጠሽ ነው፣ ሳይጠየቅ። መጀመሪያ ትርፍ ተካፈሉ፣ ድርሻሽ በስምሽ ሒሳብ ይግባ፣ ከዚያ የፈለግሽውን ስጪ። በዚህ ተጣልተው የፈረሱ ሽርክናዎች አይቻለሁ፣ ሁለቱም ደግ ሰዎች ሆነው።

ኑር ከመርካቶ
በኛ ዘካ ከዚህ ይለያል። የሚታየው የዓመቱ ትርፍ ብቻ አይደለም። ኒሳብ፣ ማለትም ዘካ ግድ የሚሆንበትን ዝቅተኛ መጠን የሞላ ሀብት አንድ የጨረቃ ዓመት ሲሞላው፣ በእጅ ያለው ገንዘብና ለሽያጭ የተቀመጠው ዕቃ ይደመራል፣ ያለብህ ዕዳ ይቀነሳል፣ ከዚያ 2.5 ከመቶ። ሱቁ ራሱ፣ መደርደሪያው፣ የምትሠራበት ማሽን አይቆጠርም። ስለዚህ እኔ በዓመት አንዴ ሸቀጤን ቆጥሬ መጻፍ ግድ ይለኛል። ሒሳብ ሠራተኛዬ «ዘካህ ነው ኦዲት ያስለመደህ» ይለኛል።

የልኳንዳው ልጅ
ኑር ወንድሜ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወለድ የሌለው ብድር የሚባለው እውነት ነው ወይስ ስሙን ቀይረው ነው? ትልቅ ፍሪጅ ልገዛ ነበር።

ኑር ከመርካቶ
ስሙ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ የተጠቀምኩበትን ልንገርህ። ሙራበሃ ይባላል። ባንኩ ብር አይሰጥህም። የምትፈልገውን ዕቃ አንተ ትመርጣለህ፣ ባንኩ ራሱ ይገዛዋል፣ ከዚያ ትርፉን ነግሮህ ለአንተ በየወሩ በሚከፈል ይሸጥልሃል። ዋጋው መጀመሪያ የተቆረጠ ነው፣ ብትዘገይ ወለድ እየወለደ አይሄድም። ርካሽ ነው አልልህም፣ አንዳንዴ ከወለዱ ጋር ቢተያይ ይቀራረባል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ የሚሠራ የመጀመሪያው ባንክ ነው፣ ሂጅራም አለ፣ ሌሎቹም ባንኮች ከወለድ ነፃ ለሆነው አገልግሎት ለብቻው መስኮት አላቸው። ክርስቲያን ነህ ብሎ የሚመልስህ የለም፣ ደንበኛ ነህ። ሄደህ የፍሪጁን ፕሮፎርማ ይዘህ ጠይቅ፣ የሁለቱን አጠቃላይ ክፍያ ጎን ለጎን ጻፈውና የሚሻልህን ውሰድ።

ቁጥር አዋቂ
ፕሮፎርማውን ሲያሠራ ከሻጩ ደረሰኝ የሚሰጥ መሆኑን ያረጋግጥ። አለበለዚያ የፍሪጁን እርጅና ተቀናሽ ከግብሩ ላይ ማስያዝ ያስቸግረዋል።

የልኳንዳው ልጅ
እሺ፣ ሰኞ እሄዳለሁ። ከፋሲካ በፊት ካልደረሰ ግን ለምኑም አይሆንልኝ።